«እነሱማ መጽሐፉ ውስጥ ናቸው»



ክረምት ሊገባ ሲል፣ ተማሪዎች ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደፋ ቀና በሚሉበት ሰሞን ነው። የ5ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ትልቁ ልጃችን ከዒሻ ሶላት በኋላ ደብተሩን ታቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ስድስቱ ቀላል ማሽኖች፦ መፈንቅል፣ ፑሊ፣ ጎማና ዘንግ፣ ዘንባላ ወለል፣ ሽብልቅ፣ ብሎን» እያለ ሲደጋግም ሰማነው። አንድም አልሳተም። ደስ አለንና፣ «ማሻ አላህ! ለመሆኑ ከእነዚህ ውስጥ እኛ ቤት ያለው የትኛው ነው?» ብለን ጠየቅነው። ልጁ ግራ ገባው። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «እነሱማ መጽሐፉ ውስጥ ናቸው» አለን።

ይህን ሲለን አንድ እጁ የበሩን እጀታ ይዞ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት በቢላዋ ይከተፋል፤ የውኃው ፕላስቲክ ዙሪያውን ጥርስ ባለው ክዳኑ ተጠምዝዞ ተዘግቷል፤ በረንዳው ላይ ደግሞ የታናሽ ወንድሙ ኩሽኔታ አራት ብረቶቹን ወደ ሰማይ አድርጎ ተገልብጧል። ስድስቱም ማለት ይቻላል በዙሪያው ነበሩ። ልጁ ግን ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አያውቅም።

ልጁን አልወቀስነውም። እኛም በጊዜያችን እንዲሁ ሸምድደን፣ እንዲሁ ፈተና ጽፈን፣ እንዲሁ ረስተናል። መሸምደድ በራሱ ነውር ነው ማለታችንም እንዳልሆነ ይታወቅልን። ቁርኣን በሒፍዝ የሚያዝ ሀብት ነው፤ ልጆቻችንም ለዚያ ሲደክሙ እንኮራባቸዋለን። ማሽን ግን ሌላ ነገር ነው። ስሙን መቶ ጊዜ ቢጠሩት ክብደት አያነሳም። ማሽንን የሚያውቀው እጅ ነው፤ አእምሮ ከእጅ ነው የሚቀበለው። በዚህ ወር ልናጫውታችሁ ያሰብነውም ከዚያ ምሽት ወዲህ በቤታችን የተደረገውን፣ የተሳካልንንም ያበላሸነውንም ጭምር ነው።

መጀመሪያ የተነሳነው ከዚያው ከበሩ ነው፤ ለዚህ አንድ ሳንቲም ማውጣት አያስፈልግምና። በሩን ገርበብ አድርገን፣ የስድስት ዓመቷን ልጃችንን በእጀታው በኩል፣ የ11 ዓመቱን ወንድሟን በሌላው ገጽ ከማጠፊያው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርገን አቆምናቸው። (ጣት ማጠፊያው ውስጥ እንዳይገባ ከልጆቹ አጠገብ አለመለየት ያስፈልጋል፤ ይህን ያለ ዋዛ ነው የምንናገረው።) «አሁን ተገፋፉ!» አልናቸው። ትልቁ በሁለት እጁ፣ በትከሻው፣ በመላ ሰውነቱ ገፋ። ትንሿ በሁለት ጣቷ ብቻ ያዘችው። በሩ አልነቃነቅ አለ! እሷ በሳቅ ፈረሰች፤ እሱ ተቆጣ። ቦታ ተቀያየሩ ተባሉ። ተቀያየሩ፤ አሁን ደግሞ እሷ በሙሉ ጉልበቷ ስትገፋ እሱ በአንድ ጣቱ አቆማት።

ለምን? እኛ መልሱን ለመናገር አፋችንን ስንከፍት የ9 ዓመቱ መሐለኛው ልጃችን ቀደመን። ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የሁለቱን እግር ሲያይ ቆይቶ ነበር። «እሷ በሩን ለመክፈት ብዙ ትራመዳለች፤ እሱ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም» አለ። ሱብሓነላህ! የቀላል ማሽኖች ምሥጢር በሙሉ በዚህች አንዲት ንግግር ውስጥ አለ። ማሽን ጉልበት አይፈጥርም። የሚያደርገው ልውውጥ ነው፤ ትንሽ ጉልበት ሰጥተህ ረጅም መንገድ ትሄዳለህ፣ ወይም አጭር መንገድ ሄደህ ብዙ ጉልበት ትከፍላለህ። ከሁለቱ አንዱን መክፈል ግን ግድ ነው፤ በነፃ የሚሰጥ ማሽን እስካሁን አልተሠራም።

በማግስቱ ማስመሪያና ሳንቲም አወጣን። ይህን በቤታችሁ ልትሞክሩት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እኛ የተቸገርንበትን ነገር አስቀድመን እንንገራችሁ። ድቡልቡል እርሳስ ይንከባለልና ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ስድስት ጎን ያለውን እርሳስ ወስዳችሁ በትንሽ ሊጥ ከጠረጴዛው ጋር አጣብቁት። 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ማስመሪያ በትክክል በመሐሉ፣ 15 ቁጥር ላይ፣ በእርሳሱ ላይ አጋድሙት። እንግዲህ በአንድ ወገን ከመሐሉ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ተመሳሳይ ሳንቲሞችን ደራርባችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ለልጁ አንድ ሳንቲም ብቻ ስጡትና፣ «በዚህች በአንዷ ሁለቱን አንሳ» በሉት።

የእኛው መሐለኛ ልጅ በመጀመሪያ ሳንቲሟን እሱ ባለበት ወገን 5 ሴንቲ ሜትር ላይ አስቀመጣት። አልሆነም። «አንድ ለሁለት እንዴት ይችላል?» ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል እጁ ሳንቲሟን ወደ ውጭ ገፋት። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ስትደርስ ማስመሪያው ተንቀጠቀጠና ቀጥ ብሎ ቆመ። ትንሽ ሲያልፍ ሁለቱ ሳንቲሞች ተነሱ። ልጁ በሩን ያስታወሰው ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ ራሱ ሦስት ሳንቲሞችን 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ደረደረና፣ አንዷን የት ቢያስቀምጣት እንደምትችላቸው ሳይነካት በፊት ወረቀት ላይ «12» ብሎ ጻፈ። አስቀመጣት። ሚዛኑ ቆመ። በ3ኛ ክፍል የተማረው ማባዛት ለካ እንዲህ ያለ ነገርም ይሠራል! በሒሳብ ደብተሩ ላይ ያን ያህል ፈገግ ሲል አይተነው አናውቅም።

እስካሁን ያወራነው የተሳካልንን ነው። አሁን ደግሞ ያበላሸነውን እንናገር፤ ምናልባት ይኸኛው ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ትንሿ ልጃችን ፑሊ ልትሠራ ተነሳች። የጫማ ካርቶን፣ ባዶ የክር ማጠንጠኛ፣ አንድ እርሳስና ሲባጎ ሰጠናት። ሥራው ካርቶኑን ከላይ በእርሳስ ወግቶ፣ ማጠንጠኛውን እርሳሱ ላይ ሰክቶ፣ በሲባጎ አንድ ተምር ወደ ላይ መሳብ ነው። ልጅቱ ቀዳዳዎቹን አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጋ ወጋቻቸው። እርሳሱ ተንጋደደ፤ ማጠንጠኛው አልሽከረከር አለ፤ ሲባጎው እየተንሸራተተ ወረደ። እንደገና ወጋች፤ ካርቶኑ ተቀደደ። ይኸኔ ትዕግሥታችን አለቀና፣ «ቆይ፣ እኛ እናሳይሽ» ብለን ከእጇ ወሰድነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያማረ፣ የቀና፣ ቀለም የተቀባ ነገር ሠራን። እውነቱን ለመናገር ራሳችንም ተደሰትንበት። ልጅቱ ቆማ አየች። «ያምራል» አለችና ወደ ውጭ ወጣች።

ያ ካርቶን መደርደሪያ ላይ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ፤ አቧራ ጠጣ። አንድ ቀን «ለምን አትጫወቺበትም?» ብንላት፣ «የእናንተ ነው እኮ» አለችን።

ይህች ቃል ልባችንን ወጋችው። እኛ የረዳናት መስሎን ነበር። የወሰድንባት ግን ካርቶኑን ብቻ ሳይሆን የተንጋደደውን ቀዳዳ ጭምር ነበር። ዘንጉ ለምን ቀጥ ማለት እንዳለበት የሚያስተምረው ያ የተንጋደደ ቀዳዳ ነበር፤ ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም ነበር። እኛ አስተማሪውን አባረርን። ስንት ቤት ውስጥ እንዲህ እንደሚደረግ ስናስብ እንሰጋለን። ልጁ ጫማውን ለማሰር ሲታገል እንቸኩልና እናስርለታለን፤ አሻንጉሊቱን ሲፈታታ «አበላሸኸው!» ብለን እንቀማዋለን፤ ዝም እንዲልልን ሞባይል እንሰጠዋለን፤ ኋላ ደግሞ «ልጆቻችን በእጃቸው ምንም አይችሉም» እያልን እናማርራለን።

ስለዚህ በቤታችን አንድ ሕግ ወጣ። ልጅ ሲሠራ የወላጅ እጅ ከብብቱ ሥር ይቀመጣል። መጠየቅ ይፈቀዳል። «ምን ሊሆን ነው ብለሽ ታስቢያለሽ?»፣ «ይህን ወገን ብታዪው?» ይባላል። መንካት ግን የሚፈቀደው ሊጎዱ ሲሉ ብቻ ነው። ሕጉን ማውጣት ቀላል ነበር። መጠበቁ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅነው በጀሪካኑ ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢያችን ውስጥ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን አለ፤ ሲሞላ ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። በረንዳችን ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አንድ እሑድ፣ ከዙህር በፊት፣ ሦስቱንም ልጆች ጠርተን፣ «ይህን ጀሪካን ማንም ሰው ሳይሸከመው በረንዳው ላይ አውጡልን። በግቢው ውስጥ ያገኛችሁትን ሁሉ መጠቀም ትችላላችሁ። እኛ ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን» አልናቸው።

በመጀመሪያ ትልቁ ገመድ አምጥቶ የጀሪካኑን ማንጠልጠያ አሰረና በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ላይ ጎተተ። ጀሪካኑ በግንቡ ጠርዝ ተፋተገ እንጂ ፈቀቅ አላለም። መሐለኛው «በሩን አስታውስ፣ ረጅም መንገድ ነው የሚያስፈልገን» ብሎ አንድ አጭር ጣውላ አመጣ፤ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው። በረንዳው ላይ አጋደሙት፤ ግድግዳ የመውጣት ያህል ቀጥ ያለ ሆነ። ጀሪካኑን ሁለቱ እስከ ግማሽ ገፉትና አመለጣቸው። ተንሸራትቶ ወረደ፤ ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም ኖሮ ውኃው ግቢውን አጥለቀለቀው።

እኛ በዚህ ጊዜ ከወንበራችን ሁለት ጊዜ ተነስተን ሁለት ጊዜ ተቀመጥን። ቡናው ቀዘቀዘ። ሁለቱ ወንድማማቾች «አንተ ነህ!»፣ «አንተ ነህ!» ተባብለው ሊጣሉ ደረሱ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ያን ጊዜ ነው ትንሿ ልጅ፣ ከዚያ በፊት ማንም ያልጠየቃት፣ ከአጥሩ ሥር የተጋደመውን ሁለት ሜትር የሚሆን ጣውላ እየጠቆመች፣ «ያኛው ቢሆንስ? ያኛው ገር ነው» ያለችው። «ገር» ያለችው ቁልቁለቱ የማያስፈራ መሆኑን ነው። ጣውላውን ጎትተው አመጡ። ጀሪካኑን እንደገና ሞሉ፤ ክዳኑንም ሦስቱ በየተራ አጠበቁት።

ሒሳቡን ለምትወዱ አንባብያን፦ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በ200 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ላይ ሲዘረጋ አምስት እጥፍ መንገድ ነው፤ ስለዚህ መፋተግ ባይኖር ኖሮ 20 ኪሎው እንደ 4 ኪሎ ሆኖ ይሰማ ነበር። መፋተግ ግን አለ። ጀሪካኑ በሻካራው ጣውላ ላይ ሲጎተት ከባድ ነበር። ይህንም ራሳቸው ፈቱት። ከቤት ሥራ የተረፉ አጫጭር የቧንቧ ቁርጥራጮችን ከጣውላው ላይ በአግድም ደርድረው ጀሪካኑን በላያቸው አስቀመጡት። ትልቁ ከኋላ የሚወጡትን ቧንቧዎች እያነሳ ከፊት ያስቀምጣል፤ መሐለኛው ከጎን ሆኖ ጀሪካኑ እንዳይወድቅ ይጠብቃል፤ ገመዱን የያዘችው ትንሿ ናት። ጎተተች። ጀሪካኑ ተከተላት። በረንዳው ላይ ሲደርስ በደስታ የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት «ደኅና ናችሁ?» ብሎ በአጥር ላይ ብቅ እስኪል ድረስ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልን። ይህን ሁሉ ጊዜ ሁለቱ ወንዶች ልጆች እህታቸውን «አንቺ ዞር በይ» ነበር የሚሏት። እኛም ሳናስበው ለወንዶቹ መፍቻና ምስማር፣ ለእሷ አሻንጉሊትና የሻይ ዕቃ ስንገዛ ኖረናል። ምክንያቱን ለራሳችን ብንጠይቅ መልስ የለንም። ሴት ልጅ ብታድግ ቤት ትመራለች የምንል ከሆነ እንኳ፣ ከወጥ ቤት የበለጠ ማሽን የሞላበት ክፍል የት አለ? መቀሱ፣ ጉጠቱ፣ ቢላዋው፣ የሥጋ መፍጫው፣ ሙቀጫው ቢቀር እንኳ የቆርቆሮ መክፈቻው! በእኛ አስተያየት ይህን ዓይነት ሥራ ለወንድ ልጅ ብቻ መስጠት አድልዎ ነው፤ ለዚያውም ኪሳራ ያለበት አድልዎ።

ከዚያ በኋላ ፑሊውን እንደገና አነሳነው፤ አሁን ግን በሌላ መንገድ። ሁለት የመወልወያ እንጨቶች ውሰዱ። ሁለት ጠንካራ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው እንጨቶቹን በሁለት እጃቸው በአግድም ይያዙ፤ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ይኑር። የገመዱን አንድ ጫፍ በአንደኛው እንጨት ላይ እሰሩና፣ ከዚያ በሁለቱም እንጨቶች ዙሪያ ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥሙት። የተረፈውን ጫፍ ለትንሹ ልጅ ስጡት። «እናንተ እንጨቶቹ እንዳይጠጋጉ ያዙ፤ አንተ ጎትት» በሉ። እኛ ቤት አባትና ታላቅ ልጅ ያዙ፤ የስድስት ዓመቷ ልጅ ጎተተች። ሁለቱ ጥርሳቸውን ነክሰው ቢታገሉም እንጨቶቹ ተጠጋጉ። እንጨቱ ለስላሳ፣ ገመዱም የማይሻክር ቢሆን ይበልጥ ይሳካል።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» ይሉ የለ? እዚህም ሸክሙን የተካፈሉት በሁለቱ እንጨቶች መካከል የተዘረጉት የገመዱ እጥፋቶች ናቸው። እያንዳንዱ እጥፋት የድርሻውን ይይዛል፤ ልጅቱ የምትይዘው የአንዱን ድርሻ ነው። ዋጋውስ? ዋጋው በእጇ ላይ የተጠራቀመው ረጅም ገመድ ነው። «እንጨቶቹ ይህችን ታህል ተጠጉ፤ እኔ ግን ይህን ሁሉ ጎተትኩ!» ብላ አሳየችን። አንድ ፑሊ ብቻ ጣሪያ ላይ ቢሰቀል ግን ጉልበት አይቀንስም፤ የሚቀይረው አቅጣጫ ብቻ ነው። ይህን ብዙ ሰው፣ የእኛ ዓይነት ተምሬአለሁ ባይ ጭምር፣ ይሳሳተዋል።

ሽብልቅና ብሎንን በአጭሩ እንለፋቸው፤ ሁለቱም የጣውላው ዘመዶች ናቸውና። ወረቀት በሦስት ማዕዘን ቆርጣችሁ በእርሳስ ላይ ብትጠመጥሙት ጠርዙ የብሎን ጥርስ ይሆናል፤ ብሎን ማለት የተጠመጠመ ቁልቁለት ነው። ሽብልቅ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ቁልቁለት ነው፤ መጥረቢያ፣ ቢላዋ፣ የምስማር ጫፍ። ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከአክሱም ከተማ በስተ ምዕራብ ባለው የጎበድራ ኮረብታ ላይ የጥንት ድንጋይ ፈላጮች ሽብልቅ ያስገቡባቸው ጉድጓዶች በተርታ ተቆፍረው እስከ ዛሬ ይታያሉ። ድንጋዩ የሚሰነጠቀው በዚያ መስመር ነው።

አንድ ምሽት ትልቁ ልጃችን፣ ያ ስድስቱን ሸምድዶ የነበረው፣ «ለመሆኑ ስድስት ናቸው ብሎ የቆጠራቸው ማን ነው?» አለን። ጥያቄው አስደሰተን፤ መጻሕፍትም አስገለጠን። በአንደኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ሄሮን የሚባል ሊቅ ክብደት ስለሚያነሱ መሣሪያዎች አንድ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። እሱ የቆጠራቸው አምስት ናቸው፤ ቁልቁለቱ፣ ማለትም ዘንባላው ወለል፣ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመረ ነው። የሄሮን መጽሐፍ የግሪክኛው ቅጂ ጠፍቶ፣ ከተቆራረጡ ክፍሎች በስተቀር አልተረፈም። ሙሉው የተገኘው በዐረብኛ ነው። የተረጎመው የበዓልበክ ተወላጅ የነበረው ክርስቲያኑ ሊቅ ቁስጣ ኢብን ሉቃ ሲሆን፣ ጊዜውም በዓባሲያ ኸሊፋዎች ዘመን፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግዲህ አምስቱ የተቆጠሩበት መጽሐፍ እስከ ዛሬ በሙሉነቱ የደረሰው በዐረብኛ ቋንቋ ነው ማለት ነው።

በዚያው ክፍለ ዘመን በባግዳድ በኑ ሙሳ የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ፦ ሙሐመድ፣ አሕመድና አል-ሐሰን። አባታቸው በልጅነታቸው ሞቶባቸው በኸሊፋው አል-መእሙን ጥበቃ ሥር አደጉ። «ኪታብ አል-ሒየል» የተባለው መጽሐፋቸው መቶ ያህል ረቂቅ መሣሪያዎችን ይዘረዝራል፤ ብዙዎቹ በራሳቸው የሚፈስሱና የሚቆሙ የውኃ ዕቃዎች ናቸው። ለእንግዳ ማስደነቂያ የሚሆኑ መጫወቻዎችም አሉባቸው! ኋላም ኢስማዒል አል-ጀዘሪ በዲያርበኪር ለአርቱቅ ነገሥታት ሲሠራ ቆይቶ፣ በ602 ዓመተ ሂጅራ (በ1206 እ.ኤ.አ.) 50 ያህል መሣሪያዎችን የያዘ መጽሐፍ ጻፈ። የዝሆን ቅርጽ ያለው ሰዓቱ በዓለም የታወቀ ነው። እኛን የማረከን ግን መጠኑንና አሠራሩን ሌላ ባለሙያ ተከትሎት ሊሠራው በሚችልበት ሁኔታ መዘርዘሩ ነው። በተግባር ያልተፈተነ የጥበብ ዕውቀት አልረካበትም ነበር።

ይህን ስናነብ መሐለኛው ልጅ፣ «አል-ጀዘሪ አናጺ ነበር ወይስ የተማረ ሰው?» ብሎ ጠየቀን። ሁለቱ አንድ ላይ መሆን እንደማይችሉ አድርጎ ማን አስተማረው? እኛው ነን። «ካልተማርክ የቀን ሠራተኛ ትሆናለህ!» እያልን ስናስፈራራው ኖረናል። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ በአገራችን ስንት ዘመን ሲናቁ እንደኖሩ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት እያበጁ ጥሩር ይሠሩ እንደነበር ለልጆቻችን እንተርካለን፤ ብረት የሚያበጀውን ጎረቤታችንን ግን በሰርጋችን ከጥግ እናስቀምጠዋለን።

ባለፈው ወር ከግቢያችን በር ላይ ትልቅ ድንጋይ ማንሳት ነበረብንና አንድ የቀን ሠራተኛ አመጣን፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዲጂኗቸውን በትከሻቸው ያዞሩ ሰው ናቸው። ሦስቱም ልጆች ተከትለው ወጡ። ሰውየው ዲጂኖውን ከድንጋዩ ሥር አስገቡና አንድ ትንሽ ድንጋይ መደገፊያ እንዲሆናቸው አስጠግተው ተጫኑ። ትልቁ ልጃችን ለወንድሙ በሹክሹክታ፣ «መፈንቅል!» ሲለው ሰማን። መሐለኛው ግን ዝም ብሎ መደገፊያውን ሲመለከት ቆየና ጠጋ ብሎ፣ «አባባ፣ ትንሹን ድንጋይ ለምን እዚያ ላይ አደረጉት? ለምን ወደ እርስዎ አልሳቡትም?» አላቸው።

ሰውየው ሥራቸውን አቁመው ልጁን ትክ ብለው አዩት። ከዚያም መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው፣ መደገፊያውን ወደ ራሳቸው ሳቡትና፣ «ና፣ ተጫን» አሉት። ልጁ ተጫነ፤ ምንም የለም። መልሰው ወደ ድንጋዩ አስጠጉለት። ተጫነ፤ ድንጋዩ ንቅንቅ አለ። «አየህ? ወደ ሸክሙ ስታስጠጋው ዲጂኖው ይረዝምልሃል። ይህን እኔ ያወቅሁት በወገቤ ነው» አሉት። ቀጥለውም ትንሿን ልጅ ጠርተው ከዲጂኖው ጫፍ ላይ እጇን አስያዟት። ያን ዕለት ሥራው ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ያለ ልጆቹ ቢሆን ግማሽ ሰዓት ባልፈጀ ነበር። ምሳ ሲቀርብ ልጆቹ ከማን አጠገብ እንደሚቀመጡ ተጣሉ።

ለዚህ ወር የምንተውላችሁ ፈተና ያው የጀሪካኑ ነው። ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ግማሽ ጀሪካን ይበቃል፤ ማንም እግሩን ከጭነቱ ሥር እንዳያደርግ፣ ከታች በኩልም እንዳይቆም፤ ሳንቲምም ለሕፃናት በማይደረስበት ቦታ ይቀመጥ። ልጆቻችሁ ከእኛዎቹ የተለየ መንገድ ካገኙ፣ ምን እንደሠሩ፣ በመጀመሪያ ምን እንደተበላሸባቸውም ጭምር ጻፉልን፤ ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።